በየትኛው «ሀ»?

ከአደባባዩ ወረድ ብሎ፣ ከብሎኬት ማምረቻው አጠገብ፣
ሙባረክ ጠላፊው አለ፣ ክር በጥርሱ ነክሶ የደንበኛ ፊት የሚያነብ።
ሌላው ለሠርጉ ያዋጣው ለፍሪጅ ነው፣ ለጁስ መፍጫ፤
እኔ የመጣሁት ለአንሶላ ነው፣ ለሁለት የትራስ ልብስ ምርጫ።

ነጩን ዘረጋልኝ፤ የጠራ፣ ዓይን የሚወጋ።
«ይቅር» አልኩት። የቱሉ ዲምቱን አቧራ አውቃለሁ፣ በጋ ከበጋ፤
ስሙ ራሱ ቀይ ኮረብታ፣ ነፋስ ሲነሳ የሚገባ እስከ መኝታ፤
ውሃም በሳምንት አንዴ ናት፣ እሷም ከመጣች በማታ።
ነጭ ለፎቶ ነው፣ ልጄ። ያንን ክሬሙን አውርደው፣
ያንን በሶ የመሰለውን፣ እድፍ ቢያገኘው የሚችለው።

በጣቱ ዳበሰና «ጥጡ ንጹሕ ነው» አለ።
ጥጥ ለኔ ሊያስተምር! ሃያ ዓመት አቃቂ ፈትል ክፍል የዋለ
ጣት ነው ይሄ፤ በጨለማ የክር ቁጥር የሚለይ።
ፖሊስተር አለበት። ዝም አልኩ፤ ዋጋው ይወርድ እንደሁ ልይ።

«ስሙ ስንት ፊደል ነው? አንዱ ፊደል ሃያ ብር ነው።»
ገመቹ፣ ሦስት። ኅሊና፣ ሦስት። እኩል ለእኩል፣ ማንም ማንን አይበልጠው።
«የሱን በቁቤ ላድርገው?» አለኝ፤ «በቁቤ ግን ይረዝማል፣
ዘጠኝ ይገባል።» ዘጠኝ! ሒሳቡ በልቤ ይሮጣል።
እናቱ ግን ከገላን ማዶ ትመጣለች፣ የልጇን ስም በጣቷ ልትከተል፤
«በቁቤ» አልኩት። ቦርሳዬም ሰማ፤ ዝም አለ፣ ምን ይበል።

«የሷስ?» አለ መኪናውን አቁሞ፣ «በየትኛው ሀ ልጥለፈው?
በሃሌታው? በሐመሩ? በብዙኃኑ?» ጥያቄው አንደበቴን ያዘው።
ደውዬ ብጠይቃት ምስጢሩ ይወጣል።
ስንት ዓመት በመስኮት የጠራሁት ስም
እንዴት እንደሚጻፍ ሳላውቅ ኖሬያለሁ።

ተመለስኩ ወደ ብሎኩ፣ አራት ፎቅ፣ ትንፋሼን በየደረጃው እየጣልኩ፤
ከበሬ ሥር ያቺ ቢጫ ጀሪካን፣ ያልመለስኩላት፤ ጎንበስ አልኩ።
ይርጋው የታመመ ጊዜ ውሃ ይዛ የወጣችልኝ፣
«እትዬ፣ ዛሬ መጥቷል!» እያለች በሌሊት የቀሰቀሰችኝ፣
በጥፍር ቀለም ጽፋባታለች፣ እንዳትለወጥ ከሰው ዕቃ፦
ኅሊና። በብዙኃኑ ኅ። የ«ና»ዋ እግር ብቻ በውሃ አልቃ።

ጀሪካኗን ይዤ ወረድኩ። ጥበቃው ሳቀ፦ «ውሃ የት አግኝተሽ ነው?»
ሙባረክ ግን አልሳቀም፤ ፊደሏን በጠመኔ ጨርቁ ላይ ገለበጠው።

እኔም አለኝ እንዲህ ያለ ትራስ፣ እህቴ በእጇ የጠለፈችው፤
ስም ያለበት ትራስ ነገር ይቆርጣል፦ ይሄ ያንቺ ወገን፣ ያ የሱ ነው።
ሃያ ስድስት ዓመት ታጠበ፣ ተሰጣ፤ በሳሙና፣ በፀሐይ፣
መጀመሪያ የረገፈው «ው» ነው። ልብ ያለውም የለም፤ እኔም ሳላይ።
የቀረው፦ ይርጋ።
አሁን የምተኛው በሱ ወገን ነው። አንዳንድ ጠዋት
መስታወት ፊት ስቆም፣ ጉንጬ ላይ
የክሩ ምልክት አለ፤ አይነበብም፣ ግን አለ።

«ልብ ልጨምርበት? ቀን? ሁለት እርግብ?»
እርግብ ስንት ነው? ነገረኝ። እርግብ ተወው።
ይልቅ ከአንሶላው ጠርዝ፣ ከሚታጠፈው በውስጥ በኩል፣
በራሱ በጨርቁ ቀለም፣ ከሚያጥበው ሰው በቀር ማንም በማያየው፣
ሦስት ፊደል ጨምርልኝ፦ ይርጋ።
«የማን ስም ነው?»
ምርቃት ነው፣ አልኩት።
«ምርቃትም በፊደል ነው፣ እናቴ። ስልሳ ብር።»

ከፈልኩ። ባዶ ጀሪካኔን አንጠልጥዬ ወጣሁ።
ውሃ ለሐሙስ ነው አሉ።